«ላፕቶፕ አለህ» ተብሎ አማካሪ ለሆነው መምህር

ደብዳቤው የመጣው ከዚሁ ከሐዋሳ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? 29 ዓመቴ ነው። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን ‹አንተ ላፕቶፕ አለህ፣ እንግሊዝኛህም ደህና ነው› ብለው የ12ኛ ክፍል አማካሪ አደረጉኝ። ሥልጠና የለ፣ ቢሮ የለ። 60 ልጆች አሉኝ። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ መግባት ይፈልጋሉ፤ ወላጆች ደግሞ ከሕክምና ሌላ መስማት አይፈልጉም። ሦስቱ ልጆች አሜሪካ ሊያመለክቱ አስበዋል። አንዱ ድርሰቱን አንተ ጻፍልኝ ይለኛል። የሁለተኛው አባት ‹ስኮላርሺፑን እኔ እጨርሳለሁ› ላለ ደላላ 80 ሺህ ብር ሊከፍሉ ነው። ሦስተኛዋ ጎበዝ ናት፣ ግን ታረፍዳለች፤ እናቷ አሞራ ገደል ዓሣ ስለሚሸጡ ጠዋት ጠዋት ታግዛቸዋለች። በቀደም የአንዱን ነጋዴ ሚዛን ዋሾነት በአንድ ሊትር ሃይላንድ አጋልጣ ገበያውን አሳቀችው አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ልጽፍላት ተቀምጬ ‹ታታሪና ጨዋ ተማሪ ናት› ከሚለው ሌላ የምለው ጠፋኝ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ዕድሜህን ስለነገርከኝ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል። አሿሿምህ አልገረመኝም። እኔን ድሮ አማካሪ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። ትራንስክሪፕት በእጅ በሚሞላበት ዘመን ያ ትልቅ ሙያ ነበር። ምክር የሚባለውን ነገር የተማርኩት በልጆች ላይ እየተሳሳትኩ ነው፤ ከዚህ በታች የምነግርህ ግማሹ የራሴ ጥፋት ነው።

ከአሜሪካ አትጀምር። ሦስቱ ልጆች ልብህን ወስደውታል፣ ይገባኛል። ግን 57 ሌሎች አሉ። ለነሱ ደግሞ መጀመሪያ መንገር ያለብህ ማንም ደፍሮ የማይነግራቸውን ቁጥር ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ዓመት አንስቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ከፍ ብሏል፣ እሰየው። ግን በመጨረሻው ቁጥር እንኳ ብትሄድ ከ60 ልጅ 5 ማለት ነው። የናንተ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ አማካይ ይሻል ይሆናል፣ ላይሻልም ይችላል። መዝገብ ቤት ሄደህ ባለፉት ዓመታት ስንት እንዳለፉ ጠይቅና የራሳችሁን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፈው።

«ተስፋ አላስቆርጣቸውም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ልጆቹ እኮ ያውቁታል። የአንዱ ታላቅ ወንድም ቤት ተቀምጧል፣ የሌላዋ ጎረቤት ባጃጅ ይነዳል። የማያውቁት ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ነው። 50 ያላመጣ፣ ግን የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ላይ የደረሰ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለጥቂት ወራት ይማራል፤ 30 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70 በመቶው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና ተደምሮ ካለፈ ፍሬሽማን ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ከ600 280 አምጥቶ አልጋ ውስጥ አይሸሸግም። ቴክኒክና ሙያንም አሁኑኑ፣ ገና ማንም ሳይወድቅ አንሳላቸው። ከወደቁ በኋላ ካነሳኸው እንደ ቅጣት ነው የሚሰሙት። «ገንዘብ ካለ የግል ኮሌጅ አለ» የሚል ወላጅ ካጋጠመህም አረጋግተህ አስረዳው፤ የማለፊያ ነጥቡ ነገር እዚያም ይከተለዋል፣ ኮሌጁም ለዚያ ትምህርት፣ በዚያ ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። አራት ዓመት ከፍሎ እዚያ ላይ መውደቅ ቀልድ አይደለም።

አንዲት ነገር በጨረፍታ። ልጆችህ አፕቲትዩድን ይንቁታል። ስድስት ትምህርት ነው የሚፈተኑት፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ጠቅላላው 600። አፕቲትዩድ ከፊዚክስህ እኩል ይቆጠራል። የፊዚክስ መምህር ሆነህ ይህን መናገር እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ተናገር።

አሁን ወደ ምርጫው። ውጤት ከወጣ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በኦንላይን ያስሞላል። ያን ሰሞን ፒያሳ ያሉትን ኢንተርኔት ቤቶች አይተህ ከሆነ ታውቀዋለህ፣ ሰልፉ መንገድ ላይ ይደርሳል። ልጁ የፈተና መለያ ቁጥሩን ይሰጣል፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ጣቱ እየሮጠ ይሞላል፣ «አለቀ፣ ቀጣይ!» ይላል። ባለጉዳዩ ስክሪኑን እንኳ አላየውም። የይለፍ ቃሉ የት ቀረ? የተመዘገበው ስልክ የማን ነው? የልጁን ስም እንኳ የማያውቅ ሰው አራት ዓመቱን ሞልቶለት ሄደ ማለት ነው። የኢንተርኔት ቤቱን ልጅ አልወቅሰውም፣ እሱ ሥራውን ነው የሠራው።

እኔ ከሱ የባስኩ ነበርኩ። የእህቴን ልጅ ምርጫ የሞላሁት እሷ ተኝታ ነው። «አጎቴ ያውቃል» ብላ ሰጠችኝ፣ እኔም የማውቅ መስሎኝ በስም የገነኑትን ከላይ ወደ ታች ደረደርኳቸው። የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው፣ ክፉ አይወጣውም፤ ግን ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ስታወራው የኖረችው የውሃ ምህንድስና እዚያ አልነበረም። ሌላ ነገር ተምራ ተመረቀች፣ ሥራም ይዛለች። በዓል በመጣ ቁጥር ቡና ላይ ታነሳብኛለች። እየሳቀች ነው የምታነሳው፣ ግን ታነሳለች።

ስለዚህ ልጆቹን መጀመሪያ ትምህርቱን አስጽፋቸው፣ ዩኒቨርሲቲውን ከዚያ። ውሃ ምህንድስና የሚል ልጅ አርባ ምንጭን ሳያስብ እንዴት ሌላ ይጽፋል? ጨርቃ ጨርቅ ለሚል ባሕር ዳር አለ። ግብርና ከተባለ ሐረማያ፣ ሕክምና ከተባለ ጎንደርና ጅማ የቆየ ስም አላቸው። የራሳችን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ከአገሪቱ 8 የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ዋናው ግቢ በር ላይ በየቀኑ የሚያልፍ ልጅ ግን ውስጡ ምን እንደሚማሩ ጠይቆ አያውቅም፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ የሐዋሳ መሆኑንም ብዙው አልሰማም። አንድ ቅዳሜ ሰብስበህ ውሰዳቸው። ብትችል ከናንተው ትምህርት ቤት ያለፈ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገህ እሱ ያውራቸው። የኔንና የአንተን ምክር አንድ ላይ ቢሰሙት የሱን አንድ ሰዓት አያህልም።

አንዳንዶቹ ሦስት ነገር ጎን ለጎን መጠበቅ አለባቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በራሳቸው ፈተና ነው የሚቀበሉት። ምዝገባው ለየብቻ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ማንም ቤትህ መጥቶ አይነግርህም። ያንተ ሥራ ቀኑ ሲወጣ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሦስት ጊዜ መጮህ ነው። መንታ የሆኑ፣ ከባድ ሕመም ያለባቸው፣ የሚያጠባ ልጅ ያላቸው ተማሪዎች ካሉህ ደግሞ ማስረጃቸውን አስቀድመው ይያዙ፤ በልዩ ሁኔታ የሚታይ ምደባ አለ። ምደባ ከወጣ በኋላ «አስለውጥልኝ» እያሉ መሯሯጥ ብዙውን ጊዜ ጫማ ከመጨረስ ሌላ ትርፍ የለውም።

የሕክምናውን ጭቅጭቅ ባጭሩ። ለወላጆቹ እንዲህ በላቸው፦ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፣ ትምህርት ክፍል የሚለየው ከዚያ በኋላ ልጁ ግቢ ገብቶ በሚያመጣው ውጤት ነው። ዛሬ ሳሎን ቁጭ ብሎ መጣላት ገና ባልተፀነሰ ልጅ ስም እንደመጣላት ነው። አንዷ እናት ይስቁልሃል፣ የቀሩትም ይከተላሉ። ሩቅ አገር መላክን የሚፈሩ ወላጆችን ግን አትሳቅባቸው። ፍርሃታቸው ከመሬት አልተነሣም፤ ልጁ ራሱ ቁጭ ብሎ ያነጋግራቸው።

አሁን ሦስቱ ልጆችህ ጋ ደረስን።

ከደላላው ልጀምር፣ እሱ ነውና የሚያስቸኩለው። ለአባትየው የሚነገር ነገር ይህ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚቀበሉበት ኮመን አፕ የሚባል ድረ ገጽ አለ። አካውንት መክፈት በነፃ ነው፣ እስከ 20 ኮሌጅ ማስገባት ይቻላል፣ የማመልከቻ ክፍያ አቅሜ አይፈቅድም ለሚል ልጅ ክፍያው እንዲነሣለት የሚጠይቅበት ቦታም አለው። ገንዘቡን የሚሰጠው ኮሌጁ ራሱ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት የመሳሰሉት የውጭ አገር ልጅ ሲያመለክት የመክፈል አቅሙን አይተው አይጥሉትም፣ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሞሉለታል። ታዲያ ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበሉም። እዚህ መሐል ደላላው «የሚጨርሰው» ምኑን ነው? የአሜሪካ መንግሥት ኢዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለው። ደላላው በ80 ሺህ የሚሸጠውን መረጃ እዚያ በነፃ ያገኙታል።

አነጋገርህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። አንድ አባት ልጁ ፊት «ተታለሉ» ከተባለ ለክብሩ ሲል ይከፍላል። በእሑድ ቀን ቤታቸው ሂድ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ከዚያ ለደላላው የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ ስጣቸው፦ «ለየትኛው ኮሌጅ፣ በማን አካውንት? ልጄ አሁን ከፍቶ ያሳየኝ።» ደላላው በዚህ ጥያቄ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ብሩንም «ይቀመጥ» በላቸው እንጂ «ተረፈ» አትበላቸው። ልጁ ከተሳካለት ፓስፖርት አለ፣ ቪዛ አለ፣ ከቪዛው በፊት የሚከፈል 350 ዶላር ሴቪስ የሚባል ክፍያ አለ፣ የአውሮፕላን ትኬት አለ።

ድርሰት ጻፍልኝ ያለህ ልጅ። አትጻፍለት። ቻትጂፒቲም አይጻፍለት፣ ቀድሞህ እሱ ጋ ሄዶ ይሆናል። የኮመን አፕ ድርሰት ከ650 ቃል አይበልጥም፤ ያቺን የሚያነቡ ሰዎች ሥራቸው ማንበብ ነው፣ የ29 ዓመት የፊዚክስ መምህር ድምፅና የ18 ዓመት ልጅ ድምፅ ይለያሉ። ልጁ ሰነፍ አይመስለኝም፣ እንግሊዝኛው አስፈርቶት ነው። እንዲህ አድርግ፦ ስልክህን ሪከርድ ላይ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ፣ በሚያስበው ቋንቋ ያውራህ። ምን አናደደህ? ምን ሠርተህ ተበላሸብህ? ማታ ማታ ምን ታያለህ? 20 ደቂቃ ያወራ ልጅ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ያንኑ በሚችለው እንግሊዝኛ ይጻፈው። አንተ ፊደልና ሰዋስው አርምለት፣ «እዚህ ጋ አልገባኝም» በለው፣ እስክሪብቶውን ግን አትንካ። የቋንቋ ፈተናም ያስፈልገዋል። ቶፍል ወይም አይልትስ መሄድ ካልቻለ ዱኦሊንጎን ብዙ ኮሌጆች ይቀበላሉ፣ ቤት ተቀምጦ የሚወሰድ ነው፤ የተሾምክበት ላፕቶፕ እዚህ ላይ ያገለግላል። መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ብቻ።

ሁለት ተራ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፣ ብዙ ልጅ ያስለቀሱ። አንደኛው ስም ነው። የአንድ ልጅ ስም በእንግሊዝኛ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ፋይዳው ላይ በሁለት ኤስ፣ ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻው በሌላ ፊደል ይጻፋል። ለኛ ያው ተስፋዬ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይዞ ሁሉንም ከሱ ጋር ያስማማ፣ ዛሬ፣ መዝገብ ቤቱ ሳይጨናነቅ። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ፎርሙ ላይ 2000 ብሎ ከሞላ ራሱን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቷል። ቀልድ ይመስላል፣ እኔ አራት ልጅ ሲያደርገው አይቻለሁ። ማብቂያ ቀኖቹንም በኛ አቆጣጠር ለጥፍላቸው። የቀደመው ዙር ብዙ ኮሌጆች ጋ ኖቬምበር 1 ነው፣ ጥቅምት 22 ገደማ ማለት ነው፤ መደበኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። አንተ ግን አንድ ሳምንት ቀንሰህ ጻፍ። ኔትወርኩን ታውቀዋለህ።

አሁን ደብዳቤው። እኔ በአንድ ዓመት ለ14 ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። «ጽፌአለሁ» ማለት ያሳፍራል፤ አንዱን ጻፍኩና ስሙን እየቀያየርኩ አተምኩ። ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለአገር ተስፋ የሚጣልበት። የአንዷን ልጅ ስም ስቀይር «ሂ» የሚለውን «ሺ» ማድረግ ረሳሁ። ደብዳቤው ከላይ የሴት ስም ይዞ እስከ መጨረሻው ስለ አንድ ወንድ ልጅ ይናገራል። ተልኮ ካለቀ በኋላ ነው ያየሁት። ልጅቷ አላለፈችም። በሌላ ምክንያት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፤ እኔ ግን ለራሴ «በሌላ ምክንያት ነው» ብዬ ለመተኛት ብዙ ሌሊት ፈጅቶብኛል።

አሠራሩን ልንገርህ። ልጁ ኮመን አፕ ላይ ያንተን ኢሜይል ያስገባል፣ ሊንክ ይደርስሃል፣ ደብዳቤውን በቀጥታ አንተ ትጭናለህ። በልጁ እጅ አያልፍም። «ራሴ ጽፌ መጥቻለሁ፣ ፈርምልኝ» የሚል ካለ በጨዋ ደንብ መልሰው። እንደ አማካሪ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚገልጽ አንድ ገጽ ትልካለህ። ይህችን ገጽ አትናቃት። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ፣ ቤተ ሙከራችሁ ምን እንዳለውና እንደሌለው፣ ማርክ እንዴት እንደሚሰጥ፣ በብሔራዊ ፈተና ስንት እንዳለፈ ጻፍ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 85 ያመጣ ልጅ ማን እንደሆነ አንባቢው የሚያውቀው ከዚያች ገጽ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ትንሽ እንርዳው፣ 85ቷን 95 እናድርጋት» የሚል ባልደረባ ይመጣል። ይመጣል፣ ጠብቀው። እምቢ በል። ለልጁ ብቻ ብለህ አይደለም፤ አንዴ የተያዘ ትምህርት ቤት ወረቀቱን ማን ያምነዋል? ከሱ በኋላ የሚመጡት ናቸው የሚከፍሉት።

እንግዲህ ያቺ ልጅ። «የምጽፈው ጠፋኝ» አልከኝ፣ ከዚያ በላይ ባለው መስመር ግን ጽፈኸዋል። በአንድ ሊትር ሃይላንድ ሚዛን ፈትሻለች! አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ሁላችንም ተምረናል፤ ለፈተና ጻፍነው፣ ረሳነው። ይህች ልጅ ግን እናቷ በየቀኑ በሚጎዱበት ቦታ ላይ አውጥታ ተጠቀመችበት። አንተ የፊዚክስ መምህሯ ነህ። ከዚህ የተሻለ ምን ልታገኝ ነው?

ማርፈዷንም እንደ ጉድለት ደብቀህ አትለፈው። ኮመን አፕ ላይ ልጁ ከትምህርት ውጭ የሚሠራውን የሚዘረዝርበት እስከ 10 የሚደርስ ቦታ አለ፤ ቤተሰብ ማገዝ፣ ተቀጥሮ መሥራት እዚያ ይገባል። ልጆቻችን ክበብ፣ ውድድር፣ ፒያኖ የለንም ብለው ባዶ ይተዉታል። በየቀኑ ከጎህ በፊት ተነሥታ ዓሣ የምትቆጥር ልጅ እንዴት ባዶ ትተወዋለች? ብቻ አንድ ነገር አደራህን፤ ድህነቷን አትሽጥባት። «ምስኪን የዓሣ ነጋዴ ልጅ» የሚል ደብዳቤ እንዳልሰማ። እናትየው ነጋዴ ናቸው፣ ልጅቷ ሚዛን ታርማለች። እንደዚያው አድርገህ ጻፈው፣ ማሳዘኑን ተው።

መጀመሪያ ግን ጠይቃት፤ «አሉ» ብለህ ነው የጻፍክልኝ። ጠርሙሱ እስከ ስንት ሞልቶ ነበር? የጠርሙሱን ክብደት ቀንሳ አስባዋለች? ሚዛኑ ስንት አነበበ? ነጋዴው ምን አላት? እናቷስ ደስ አላቸው ወይስ ደንበኛ አሳጣችኝ ብለው ተቆጧት? ስታፍ ሩም ውስጥ ጠርተህ አትጠይቃት፣ እዚያ «አዎ መምህር፣ አይ መምህር» ነው የምትልህ። ቅዳሜ አሞራ ገደል ሂድ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ፣ ከዚያ በኋላ ግርግር ነው። ቆሮሶ መግዛትህ ካልቀረ ደግሞ እሷ ትመዝንልህ።